ሁለት በር ያለው ድንኳን

ሰኞ፣ ጥቅምት 1

ግርማ ድንኳኑ ከከረጢቱ ሳይወጣ «አይሆንም» አለ። እኔ ደግሞ «ይሆናል» አልኩ። ሳምንቱ የተጀመረው በዚህ ነው።

ድንኳኑ የታንዲ ነው። ታንዲ ሆስፒታል ራጅ ክፍል አብራኝ የምትሠራ፣ ቅዳሜና እሁድን ብስክሌት ላይ የምታሳልፍ ልጅ ናት። «ከዚህ የሚቀል አታገኚም፣ ሻርፕ ነው» ብላ አዋሰችኝ፣ አሪፍ ነው ማለቷ ነው። እውነትም ሲያነሱት አንድ ዳቦ የያዙ ነው የሚመስለው።

ታኅሣሥ ላይ ከጆበርግ እስከ ደርባን ባሕር ድረስ በብስክሌት ልንሄድ ነው፣ እኔና ባሌ ግርማ። ለአሥረኛ ዓመት ጋብቻችን ያቀድነው ጉዞ ነበር። በኮሮና አገር ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን ስንል ሦስተኛው ማዕበል መጣና ሐምሌ ላይ ግርማን ሆስፒታል ጣለው። አሁን ድኗል ይሉኛል። ሳንባውን ራጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እውነትም ድኗል። ብስክሌት ይነዳል፣ አቀበት ይወጣል፣ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።

ችግሩ መተኛት ላይ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የተዘጋ ነገር ውስጥ አይቆይም። ሊፍት አይገባም። መኪና ውስጥ የፈለገ ቢበርድ መስኮት ይከፈታል። ማታ ሳሎን ወንበር ላይ ነው የሚተኛው፣ የብረት ፍርግርጉ ተቆልፎ የመስተዋት በሩ እንደተከፈተ። እኔ መኝታ ቤት ብቻዬን። ባሌ አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ ናፈቀኝ። ይህን ለሰው አይነግሩትም፣ እዚህ ልጻፈው።

«አንቺ ከታንዲ ጋር ሂጂ፣ እኔ በመኪና እከተላችኋለሁ» ይለኛል። ደግነቱ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አልፈልገውም። ደርባንንም ባሕሩንም ከዚህ በፊት አይቻቸዋለሁ። የቀረኝ እሱ አጠገቤ ተኝቶ ማየት ነው።

ስለ ድንኳን የማነበው ሁሉ ስለ ክብደት ነው። ግራም፣ ግራም፣ ግራም። አንዱ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ ጥሏል፣ እንዲቀልለው። እኔ የምፈልገውን ግን ማንም አልጻፈውም። የእኔ ጥያቄ፦ ባሌ የሚተኛበት ድንኳን የቱ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 2

ከሥራ መልስ ድንኳኑን ከቤታችን ፊት ያለው ሣር ላይ ዘረጋሁት። ገና የመጀመሪያውን ካስማ ስመታ እማማ አስካለ ከወጥ ቤት ወጡ። የግርማ እናት ናቸው። ልጃቸው ከሆስፒታል ሲወጣ ከአዲስ አበባ መጥተው እስከ ዛሬ አብረውን አሉ።

«ምንድን ነው የምትተክይው?»

ድንኳን ነው፣ ለጉዞው ልሞክረው ብዬ ነው አልኳቸው።

«ሰው በየቤቱ እየረገፈ፣ ልጄ ገና ከሞት አፍ ወጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ድንኳን ትተክይበታለሽ? ንቀይ! ሟርት ነው!»

ልከራከር ነበር። ይቺ ድንኳን ተብዬ እንኳን ለለቀስተኛ ለእኛም አትበቃም። ግን ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ሐምሌ ላይ እኔም በመንገድ ድንኳን ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። ነቀልኩ።

ሳሎን ምንጣፉ ላይ ልሞክር ገባሁ። ለካ ይህ ዓይነቱ በካስማና በአውታር ካልተወጠረ አይቆምም! አንዱን አውታር ሶፋ እግር ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ አሰርኩ። ቀና ሲል ደስ ብሎኝ እጄን ስለቅ ተንዶ ላዬ ላይ ወደቀ። እማማ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሳቁብኝ። ግርማም ሳቀ። ሲስቅ አሁንም ትንሽ ያስለዋል።

የዛሬ ትምህርት፦ ያለ ካስማ ራሱን ችሎ የሚቆም ድንኳን ያስፈልገናል። መንገድ ላይ የምናድረው የእርሻ ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዴም ሲሚንቶ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ማደር እዚህ አገር አይታሰብም።

የዛሬ ድል፦ ግርማ የወደቀውን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ቀጥሎ የሬሳ ከረጢት ይመስላል አለ፣ እማማ እንዳይሰሙ በእንግሊዝኛ። ቢሆንም አየ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

ክፉ ቀን።

ትናንት ሱቅ ደውዬ ድንኳኖቹ ተተክለው እንደሚታዩ አረጋገጥኩ። ዛሬ ግርማ ሳልለምነው «እኔም ልምጣ» አለኝ። ለራሴ ድል ብዬ ቆጠርኩት። ሱቁ ሰፊ ነው፣ በሩ ክፍት፣ ሁላችንም ጭምብል አድርገናል። ሻጩ ትሑት፣ ነገረኛ ያልሆነ ጎልማሳ ነው፣ ግራም ግን ይወዳል።

ግርማ አንዱ አረንጓዴ ድንኳን ውስጥ ገባ። ጫማውን አውልቆ፣ ተጋድሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣሪያውን አየ። «ይሄ ደህና ነው» አለ። በጆሮዬ ሰማሁት! ከደስታዬ ብዛት ዘወር ብዬ የሌላውን ቀለም ማየት ጀመርኩ። ምን አለ ባልዞርኩ።

ሻጩ ዚፑ እንዴት እንደሚንሸራተት ሊያሳየን ብሎ ከውጭ ዘጋው። ክፋት የለውም፣ ዕቃውን መሸጡ ነው። ግርማ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። በሩን አልፈለገም፣ ጨርቁን ቀድዶ ነው የወጣው፣ ዘንጉም ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የሱቁ ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ ምስኪኑ ሻጭ ላይ ጮህኩበት፣ እሱ ይቅርታ ይቅርታ ይላል። የጉዳቱን እንክፈል ብንለው እንቢ አለ።

ግርማ መኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ጭምብሉን አውልቆ አገኘሁት። መንገድ ላይ ሮቦቱ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ ቀይ ሲይዘን «ራሂ፣ በቃ። ተይው» አለኝ።

«አልተወውም!» አልኩት። ቀስ ብዬ ማለት ነበረብኝ። አጠገባችን የቆመው ታክሲ ውስጥ ያሉት እስኪዞሩ ጮህኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 5

ቀኑን ሙሉ ተኮራርፈን ዋልን። በእሱ አልተቀየምኩም። በማን እንደተቀየምኩም አላውቅም።

ማታ ሎድሼዲንግ ነበር፣ መብራት በተራ የሚጠፋበት ሰዓት። ባትሪ አብርተን፣ ለሽሮው እሱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ እኔ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። ከመክተፉ ቀና ሳይል ይነግረኝ ጀመር። ትናንት ተጋድሞ ሳለ ደህና ነበር፣ ምንም አልፈራም። ሆስፒታል የኦክስጅን ጭምብሉን ያሰሩለት ሌሎች ናቸው። ላንሳው ሲል እጁን ይይዙት ነበር። ለደኅንነቱ እንደያዙት ያውቃል፣ ባይይዙት ዛሬ ሽንኩርት አይከትፍም ነበር። «ግን ትናንት የዘጋብኝ ሌላ ሰው ነው» አለ። «እኔ ብዘጋው ኖሮ እንጃ።»

ከሐምሌ ወዲህ ይህን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም ነበር፣ የራጁን ፊልም ሳገላብጥ። ፊልሙ ላይ ይህ አይታይም።

እማማ ከበር ሆነው ሰምተዋል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልጄን አትቆጪው» አሉኝ። አልተቆጣሁም አልኳቸው። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፣ እሳቸው ግን ሽንኩርት አጠገብ አልነበሩም።

አዲሱ የድንኳን መስፈርቴ፦
— ያለ ካስማ የሚቆም
— ውስጡ መረብ፣ ዝናብ ሳይኖር ሰማይ የሚታይበት
— ሁለት በር። አንዱ የእሱ ብቻ፣ እኔን ተሻግሮ መውጣት የለበትም
— ዚፑ ከውስጥ በአንድ እጅ የሚከፈት
— ውጭው ላይ ትንሽ በረንዳ፣ ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ነውና መንገድ ላይ ምግባችንን የምናበስለው ራሳችን ነን
— ክብደት፦ የፈለገውን ይሁን

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

ተገኘ!

ቤኖኒ ከተማ ያሉ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ያገለገለ ድንኳን እንደሚሸጡ በስልክ ማስታወቂያ አይቼ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ግርማን አልጠየቅሁትም፣ እንዲያርፍ። ግቢያቸው ውስጥ ተክለው ጠበቁኝ። ቀለሙ የበሰለ ዱባ ነው፣ አስቀያሚ። በሩ ሁለት። መረቡ ደህና። ገባሁና ከውስጥ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ በግራ እጄ፣ በቀኝ እጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። አሮጊቷ ለባሏ ስትስቅ ሰማኋት። «እንዳንፋታ ያደረገን እኮ ይሄ ሁለተኛው በር ነው» አለችኝ። እሱ ሌሊት ብዙ ጊዜ የሚነሳ ሰው ነው አሉ።

ከባድ ነው። ለታንዲ ፎቶ ብልክላት «ጡብ ጭነሽ ልትሄጂ ነው?» ብላ መለሰች። አዎ፣ ጡብ። የሚኖሩበት ቤት በጡብ አይደል የሚሠራው።

ቀጥሎ የቀረው እማማ ናቸው። ሳይሞከር አንሄድም፣ ደጃፋቸው ላይ አትትከሉ ብለዋል፣ ሌላ ሣር የለንም። ምሳ ላይ ነገሩን ላነሳ ስዘጋጅ ቀደሙኝ። ሲያስቡበት ሰንብተዋል።

«ድንኳን ለለቅሶ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። «ለሰርግም ይተከላል። እንዲያውም ለጋብቻችሁ ዓመት ነው አላልሽም? ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትከሉት። እኔ እልል እልበታለሁ፣ ዳቦ ይቆረስበታል። ያኔ ሟርቱ ይሻራል።»

ግርማ ሹካውን አስቀምጦ እናቱን አየ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ልግባበት አላልኩም» አላቸው። «አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት።

አሁን ይህን ስጽፍ እማማ ወጥ ቤት ሊጥ እያቦኩ ነው። ከአንድ ጎትጓች ሁለት እንደሚሻል ዛሬ ገባኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 7

ተከልነው። ዱባው ሣሩ ላይ ያለ አንዲት ካስማ ቀጥ ብሎ ቆመ። እማማ ነጭ ለብሰው ሦስት ጊዜ እልል አሉ፣ የኮምፕሌክሱ፣ የጋራ ግቢያችን፣ ውሻ ሁሉ ተቀበላቸው። ወዲያው የነዋሪዎች ዋትሳፕ ላይ የድንኳናችን ፎቶ ወጣ፣ በሣሩ ላይ ካምፕ ማድረግ ክልክል ነው ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። የጥበቃው ሰውዬ ሊያስጠነቅቀን መጥቶ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። «ሳውቦና፣ ማማ» ብሎ በአገሩ ሰላምታ እማማን እጅ ነሥቶ ነው የሄደው።

ግርማ በራሱ በር ገባ፣ እኔ በእኔ። በረንዳው ላይ ዳቦ በላን። እማማ ትንሽ ተቀምጠው ጉልበቴ አሉና ወደ ቤት ገቡ። እኛ ተጋደምን፣ የሁለታችንም በር ክፍት።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ደመናው መጣ። ጆበርግ አስጠንቅቃ አታውቅም። ነፋስ፣ አንድ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ አወረደው። በእኔ በኩል ያለውን ዘጋሁ። በእሱ በኩል ዝናቡ እስከ ትከሻው ይገባል። «ልዝጋልህ?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እጄን ጭኔ ሥር ቀበርኩት፣ ሳላስበው ሄዶ እንዳይዘጋ።

ዚፑን ይዞ ወደ ግማሽ አመጣው። መልሶ ከፈተ። እንደገና ዘጋ፣ ከፈተ። ነጎድጓዱን አልፈራሁም፣ የፈራሁት የዚያን ዚፕ ድምፅ ነው። ከዚያ በረዶው ጀመረ፣ ጣሪያው ላይ ባቄላ የሚቆላ መሰለ። ግርማ «ኤዲያ!» ብሎ እስከ ታች ዘጋው።

ፊቱን አላየሁትም። መረቡን ብቻ እያየሁ እጸልይ ነበር። በእግሬ በኩል ውሃ ገብቷል፣ ያዘነበለ ቦታ ላይ የተከልኩት እኔው ነኝ። ካልሲዬ ራሰ። ትንፋሹን እሰማለሁ። መጀመሪያ ፈጣን ነበር። በኋላ ዝግ አለ። በኋላ ደግሞ ማንኮራፋት ሆነ!

እጁ ዚፑ ላይ እንዳለ ተኝቶ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ አጠገቤ ሲተኛ የመጀመሪያው ነው። አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ። በእኔ በር ወጥቼ ካልሲ መቀየር እችል ነበር። አልወጣሁም። ዝናቡ ሲያባራ እማማ ጃንጥላ ይዘው መጥተው «አላችሁ?» ሲሉ፣ በእኔ በር ጫፍ ራሴን አውጥቼ ዝም በሉ አልኳቸው፣ አማቴን!

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ትናንት ማታ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

አልጋ ላይ ሆኜ እጠብቀው ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ትራሱን አስተካክዬለት ሁሉ ነበር። የሳሎኑ የመስተዋት በር ሲከፈት ሰማሁና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ጠዋት ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ። አንድ እሁድ ሐምሌን አይሽረውም፣ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ሥራ ቦታ ታንዲ «እሺ፣ እንዴት ሆነ?» ስትለኝ፣ እንጃ አልኳት። አብራኝ ትሄድ እንደሆነ ልጠይቃት አስቤ ነበር። አልጠየቅኋትም። ነገ እጠይቃታለሁ አልኩ ለራሴ።

ቤት ስደርስ የጋራዡ በር ክፍት ነው። ሁለቱም ብስክሌት ወርዶ ግድግዳ ተደግፏል። ግርማ መሬት ላይ ተንበርክኳል፣ ድንኳኑ ደርቆ በየክፍሉ ተፈታትቶ ፊቱ ተዘርግቷል። እማማ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ነይ እይልኝ» አሉኝ። «ደህናውን ድንኳን ለሁለት ይከፋፍለዋል!»

እውነታቸውን ነው። ዘንጎቹን፣ ካስማዎቹንና የዝናብ ልባሱን ጠቅልሎ በራሱ ብስክሌት የጎን ቦርሳ ውስጥ ከትቷል። መረቡንና ወለሉን በእኔ ቦርሳ።

«ለአንድ ሰው ይከብዳል» አለ፣ ቀና ሳይል።

በመኪና ስለመከተል ምንም አላነሳም። ቆሜ ቦርሳዎቹን አየሁ። የእኔ ግማሽ ብቻውን አይቆምም፣ የእሱም ግማሽ ማንንም አያስተኛም። ይህን ሳያስበው እንዳላደረገው አውቃለሁ፣ ግርማ የሒሳብ መምህር ነው።

ዛሬ የት እንደሚተኛ አልጠየቅሁትም። የኋላ ጎማው አየር ጎድሎት ነበር፣ ፓምፑን አቀበልኩት።