ከበርዎ ፊት ለፊት ስለጠፋችው ታላቅ እህቴ

ለተከበሩ የሳንባ ጤና ምርምር ተቋም ዋና ኃላፊ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በየቀኑ አራት ፎቅ የሚወጡት ጉልበቶችዎ አይድከሙብን፤ ትንፋሽዎም አይጠርብን።

ሰኞ ጠዋት በተቋምዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር፣ ተሳታፊ ቁጥር 214 “ከክትትል የጠፋች” ተብላ ተመዝግባለች።

ቁጥር 214 ታላቅ እህቴ ናት። ከተቋምዎ በር የሚለያት አንድ አስፋልት ሲሆን፣ ደጇ ላይ በርጩማ አውጥታ የሰው ልብስ ስትጠግን ትውላለች። ጠዋት ጠዋት በመኪናዎ መስኮት እጅዎን አውጥተው ሰላም የሚሏት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ የጠፋን ሰው በየቀኑ ሰላም ስለማለትዎ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቋምዎ ከክር ፋብሪካው የፈተላ ክፍል 340 ሠራተኞችን መርጦ፣ የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ምን እንደሚያደርገው በየሁለት ዓመቱ የትንፋሽ መለኪያ እያስነፋ ሊከታተል ቃል ሲገባ፣ የምርመራው ክፍል ምድር ቤት ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ቦታው ለስብሰባ አዳራሽ ስለተፈለገ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ትንፋሽ ያጠራቸውን ሰዎች ትንፋሻቸውን ለመለካት ሰማንያ ስምንት ደረጃ ማስወጣት እኛ ያልተማርነው የማንደርስበት ጥበብ ነው።

2. አሳንሰሩ ላይ “ለጊዜው አይሠራም” የሚል ወረቀት አለ። ጊዜው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ወረቀቱ ግን በደበዘዘ ቁጥር በአዲስ ይተካል፤ በተቋምዎ ይህን ያህል ሳይቋረጥ ክትትል ያገኘ ሌላ ነገር ስለማላውቅ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

3. እህቴ ከቀጠሮ ቀርታ አታውቅም። ክፍሉ ፎቅ ከወጣ ወዲህ በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ደርሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከላይ የወረደው መዝጋቢ “እትዬ፣ ምን ያስቀምጥዎታል? ይውጡ እንጂ፣ እየጠበቅንዎት እኮ ነው” ብሏት ወደ ምሳው ሄደ፤ ሲመለስም “አልቀረበችም” ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ቀጠሮ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በሦስተኛው ከደረጃው ሥር ቀረች። ሦስት ቀጠሮ ያልቀረበ ጠፋ ይባላል ይላል ደንብዎ። የበሩ ጥበቃ አሁን ባያት ቁጥር “እትዬ፣ ዛሬም አልተገኙም አሉ!” እያለ ይቀልድባታል። “እስቲ ካገኘኸኝ ደውልልኝ” ትለዋለች፤ እነዚህን ሦስት ቃላት ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

4. ዘንድሮ ከ340ው ደረጃውን ወጥተው የተለኩት 121 ናቸው። ረቂቅ ሪፖርትዎ የእነዚህ ትንፋሽ ከቢሮ ሠራተኞች እንደማያንስ ጠቅሶ፣ “ብናኙ የጎላ ጉዳት አላሳየም” ሲል ይደመድማል። ልክ ነው፤ ጉዳቱ አራተኛ ፎቅ መውጣት አልቻለም። ምርምሩን ደረጃው ጨርሶታልና፣ በሪፖርቱ ላይ ስሙ ከእርስዎ ስም ቀድሞ ቢሰፍር ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ፋብሪካው ብናኝ መምጠጫ የሚያስገባው ጉዳቱ በእናንተ ጥናት ከተረጋገጠ ብቻ እንደሆነ ፈርሟል። የእህቴ ልጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እናቷ በቆመችበት መደዳ ቆማ ትፈትላለች። ጠዋት ጠዋት ማሳል ጀምራለች። እህቴ ይህን ሳል ታውቀዋለች፤ የእሷም እንዲሁ ነበር የጀመረው።

ልመናዬ አንድ ነው። መለኪያው በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ስለሆነ፣ ለአንድ ጠዋት ወደ ጥበቃው ቤት ያውርዱልን። “ጠፉ” ያላችኋቸውን ሰዎች ጥበቃው አብዛኞቹን በስም ያውቃቸዋል፤ በሕይወት ያሉትን እስከ ምሳ ሰዓት ሊሰበስባቸው ቃል ገብቶልኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ምርምር ሳይሆን ጮክ ብሎ መጣራት ነው።

ደረጃዎን ባልረገጠ እግርና ጊዜዎን በደፈረ ብዕር፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን ከታች ወደ ላይ እየላክሁ፣

የተሳታፊ ቁጥር 214 ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ “አድራሻዎን ማግኘት ስላልቻልን” ብሎ የሚጀምረው ደብዳቤዎ ትናንት በአድራሻዋ ደርሷታል። ጥናቱ በዚሁ መደምደሚያ ይዘጋ ወይም አይዘጋ ኮሚቴዎ የሚወስነው ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ መሆኑን ሰምተናል። እዚያ ደረጃ የለም። እህቴ ትገኛለች።