ሙዝ ከአበባ ጋር አያድርም

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ
የአበባ አምራቾች ስብሰባ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ከሆቴሉ ክፍል

ለማሳችን እመቤት፣ ለኔዋ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻም አይደለሁም፤ እዚህ ከመጣው አበባ አምራች ሁሉ የታወቅሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ ስሜን ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሺ፣ እውነቱን ልናገር፤ የጠራኝ የአንገት ባጄን መታጠቢያ ቤት ረስቼው ስለተገኘ ነው። ቢሆንም ዞረው አይተውኛል፤ እሱ አይካድም።

ደግሞ «ማን ጻፈለት?» እንዳትይ። ወረቀቱን ገልብጠሽ ጀርባውን በጣትሽ ዳብሺው። እስክሪብቶ እንደ ዶማ የሚጫን ከእኔ ሌላ ማን አለ? የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «ኧረ ለወረቀቱ እዘንለት!» ሲለኝ፣ አንቺ ከፊቴ ወንበር ላይ ሆነሽ ትከሻሽ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አሁንም ይታየኛል። አምና ስመጣ የስብሰባውን ፕሮግራም እንደ ማራገቢያ ነበር የያዝኩት። ዘንድሮ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ብዙም የቀረብኝ ነገር አልነበረም፤ ግማሹ «የሻይ እረፍት» ነው የሚለው።

ምነው አልደወልክም ትይኝ ይሆናል። ሰኞ ደውዬልሽ የሆነውን ታውቂያለሽ። «ገዢ ተገኘ?» አልሽኝ። «ኧረ ተሰልፈዋል፣ ፖሊስ ነው የሚያስተናብርልኝ» አልኩና ለራሴ ቀልድ ራሴ ሳቅሁ። አንቺ ግን «እሺ፣ ሌላስ?» አልሽኝ። ሌላው አልወጣ አለኝ። «እንግዲያው እህቴ ዓርብ መጥታ ትወስደኛለች» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አንሥቼ ቁጥርሽን ስነካ መልሼ እተወዋለሁ፤ አፌን አውቀዋለሁ፣ አሁንም ቀልድ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ችግኝ ለሚያመላልሰው ሹፌር እሰጠዋለሁ። ነገ ጠዋት ይነሣል፤ ዓርብ ከመድረሱ በፊት እጅሽ ይገባል። እኔ የምገባው ቅዳሜ ነው።

ስሄድ በር ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። ዘንድሮ ካርኔሽን አበባችን ገዢ ካላገኘ ተነቅሎ፣ አንቺ እህትሽ ልብስ ስፌት ቤት ገብተሽ ልትሠሪ፣ እኔ ከመሬቱ ጋር ልቀር። «ለጊዜው ነው» ብለሽ ነበር። ለጊዜው የተባለ ነገር ስንቱን ባልና ሚስት እንዳስረጀ እኔና አንቺ አይተናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ ራስሽ መርጠሽ የቆረጥሻቸው ነጭ ካርኔሽኖች፣ ገና ሊፈኩ ሲሉ ጫፋቸው ብቻ ነጣ ያሉት፣ መንገዱን እንደ ንጉሥ ነው የተጓዙት። ባልዲያቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ፤ ሱሪዬ እስኪርስ። ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ልደረድራቸው ስነሣ ግን ሁሉም ተኝተዋል። የአበባ ቅጠሎቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ እንደረጠበ ወረቀት ተጨማድደው። ክፍል የምጋራው ጽጌረዳ አምራች ጎንበስ ብሎ አያቸውና፣

«ወንድሜ፣ ንግግሩ ሳይጀመር አንቀላፉ እኮ። ከእኛ ይልቅ ብልሆች ናቸው» አለኝ።

ምን እንዳስተኛቸው አንቺ አይጠፋሽም። የበሰለ ሙዝ ባለበት፣ ትንፋሹ ስለሚያጠወልገው፣ ካርኔሽን እንደማያድር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ወንድሜን እንኳ ሙዝ ይዞ ማሸጊያ ቤታችን ሊገባ ሲል በመጥረጊያ አባርረሽዋል። በሻሽሽ የቋጠርሽልኝን የመንገድ ስንቅ፣ ሙዙን፣ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር። ክፍል የምታጸዳው ሴትዮ አንሥታ ባልዲው አጠገብ አድርጋው፣ መስኮቱንም ዘግታው ሄደች። በቃ፣ አለቀ።

ባዶ ጠረጴዛ ጋ ከመቆም ብዬ የተኙትን ደረደርኳቸው። ሰው ሁሉ እያየ አለፈ። በኋላ አንዲት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ መጣች፤ ለአበባ መሸጫ ሱቆች የምታከፋፍል ናት አሉ።

«ምን ሆነው ነው እነዚህ?»

«መንገድ ደክሟቸው ነው።»

«ሙዝ ነው» አለችኝ፣ ፊቴን እንኳ ሳታይ። ከዚያ አንዱን መዝዛ አገዳውን ጎበጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቀጥ አለ። «አገዳው ግን ጎበዝ ነው። ዋናው አበባ እንዲፋፋ የጎን እንቡጡን ማን ነው የሚለቅመው?»

«እኔ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ባለቤቴ ናት» አልኩ።

«መሬታችሁ ምን ያህል ነው?»

«ሚስቴ ከአንዱ ዳር ስትጣራ እኔ ከሌላው ዳር የምሰማትን ያህል።»

ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ «እዚህስ ድረስ ይሰማል?» አለችኝ።

ብታምኚም ባታምኚም ቀልድ አለቀብኝ። እኔ! ጽጌረዳ አምራቹ እንኳ ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ።

ሴትዮዋ በሚመጣው ማክሰኞ በእኛ በኩል ታልፋለች። አበባውን መሬቱ ላይ ቆሞ ማየት ትፈልጋለች፤ ሳታይ ቃል አትገባም። ስለዚህ ገዢ አገኘሁ ብዬ አልጎርርም። ዓርብ ግን አትሂጂ። መጥታ እንቡጥ የሚለቅመውን ሰው ብትጠይቅ የእኔን ጣት ላሳያት ነው? ባትመጣም አትሂጂ። ብንነቅለውም አብረን እንንቀለው። እዚህ ሰፊ አልጋ ሰጥተውኛል፤ ሌሊቱን በሙሉ ግን እንደ ቤታችን ዳሩን ይዤ ነው የማድረው፣ ለአንቺ ቦታ ትቼ።

ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መርፌዋ አይታጠፍ፣ ክሯ አይበጠስ፣ ሠራተኛ ግን ከሌላ ቤት ትፈልግ። አንቺ የነካሽው ሁሉ ይጽደቅልሽ፤ ጣትሽን አይመምሽ፤ ቅዳሜ በሩን አንቺው ክፈችልኝ።

ጉረኛው ባልሽ

ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። የጽዳቷ ሴትዮ ምስኪን ናት፤ ሙዙን አልነካችውም። መንገድ ላይ ልበላው ቋጠሮውን ስፈታ ሻሽሽ አንቺን አንቺን ሸተተኝና መልሼ ቋጠርኩት። ማታ ትራሴ ላይ አድርጌው ተኛሁ፤ ባልዲው እዚያው እግሬ ሥር ነበር። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ሽታሽ እንዳይወጣብኝ ብዬ። ሙዙ ጠቁሯል፣ እስካሁን አልበላሁትም። «ሌላስ?» ብለሽኝ አልነበር? ሌላው ይኸው ነው።