ብስክሌቴ ከሲሚንቶ መኪና እኩል ስለመቆጠሯ

ለተከበሩ የመንገድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ደኅና ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ልጄን ከትምህርት ቤት ስለማመጣ ስለ ማታው ግን ቃል መግባት አልችልም።

ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራሁ ለክሊኒኮች በብስክሌት የማደርስ ሰው ነኝ። ባለፈው ወር ደንብ አስከባሪዎ በእግረኛ መንገድ ላይ ስነዳ አስቁሞ፣ ብስክሌት ተሽከርካሪ ስለሆነ ቦታዬ ከእኩዮቼ ጋር በአስፋልቱ ላይ መሆኑን በትሕትና ስላስረዳኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከዚያ ወዲህ ከእኩዮቼ ጋር ስውል የገጠመኝን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ከእኩዮቼ አንዱ የሲሚንቶ መኪና ነው። የጎን መስታወቱ ጆሮዬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል። በቦርሳዬ ያሉት ጥርሶች ጸጥ ብለው ሲጓዙ በአፌ ያሉት ግን ይንገጫገጫሉ።

፪. በእግረኛው መንገድም ንጹሕ ነኝ አልልም። አንዲት እናት ከሱቅ ሲወጡ ልገጫቸው ስል ለጥቂት ተርፈዋል፤ እኔ መኪና ፈርቼ እሳቸው መንገድ ላይ መውጣቴን፣ እሳቸው ፈርተው የት እንደሚወጡ ግን እንደማያውቁ ነገሩኝ። በዚህ ነገር ደንብ አስከባሪዎ ልክ ነው።

፫. በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ለእኛ ለብስክሌተኞች ስላስቀቡልን የአንድ ክንድ ስፋት ያለው ነጭ መስመር ከልብ አመሰግናለሁ። መስመሩ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት የሚያሻግረው ድልድይ አፍ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ቀቢው ድልድዩን አይቶ ፈርቶ የተመለሰ ይመስለኛል፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ብችል እመለስ ነበር።

፬. ወደ ኋላ ዞሬ ማየት ስለማልችል፣ የስምንት ዓመት ልጄን ከኋላ ወንበር ላይ ፊቷን ወደሚመጣው መኪና አዙሬ ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ። የቤት መኪና ከሆነ በክርኗ ጀርባዬን አንዴ መታ ታደርጋለች፣ አውቶቡስ ከሆነ ሁለቴ፣ የጭነት መኪና ከሆነ ሦስቴ። አባት ልጁን እንዲህ ያለ ሥራ መስጠቱ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ሌላ ዘዴ አጥቼ ነው። ክቡርነትዎ፣ በየቀኑ እፈራለሁ፤ ለእሷ ደግሞ ከራሴ ይበልጥ እፈራለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው፤ እኛን ከመኪናም ከእግረኛም የሚለይ አንድ ረድፍ የድንጋይ መከለያ፣ ድልድዩንም ጨምሮ። ለዚህ ጉዳይ ኮሚቴ ማቋቋምዎን ስለሰማሁ፣ አባላቱ ሁሉ በመኪና በሰላም ተሰብስበው በሰላም እንዲበተኑ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይለቅ ፍርሃት ጋር፣
በነጩ መስመር ላይ የሚያገኙኝ፣ ጥርስ ሠሪው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ሳይታጠፍ አደረ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ ሳለን ልጄ ጀርባዬን መታ ማድረጓን አቆመች። ከብስክሌቱ ሳወርዳት ምን ሆና እንደነበር ብጠይቃት፣ የመጣው መኪና በጣም ትልቅ ስለነበር ዓይኗን መጨፈኗን ነገረችኝ። ከዛሬ ጀምሮ በእግሯ ትሄዳለች። ስለዚህ የኋላ ወንበሬ ክፍት ነውና፣ የሚመችዎትን ጠዋት ብቻ ያሳውቁኝ፤ ሥራው ከባድ አይደለም፣ ወደ ኋላ እያዩ ጀርባዬን መታ መታ ማድረግ ነው።