ጋራዣችን በር ላይ ስላደገችው ተቀያሪ

ማሪት ልትጫወት ነው። ኬስተር ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ራሷ ደውላ ነገረችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እየጮህኩ ወደ ደጅ ስወጣ ባለቤቴ ዴልበርት ቤቱ የተቃጠለ መስሎት የአትክልት ማጠጫውን ቱቦ እየጎተተ ደረሰ። ነገሩን ስነግረው ቱቦውን ጥሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ዴልበርት ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለብሔራዊ መዝሙርና ለቀብር ብቻ ነው።

ለክቡር ዶክተር ክሬግ ሳተርሊ
የሃርሎ ክሪክ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ምሥራቹ ከሰላምታው ቀድሞ ስላመለጠኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? በአዲሱ ቢሮዎ ሰፋፊ መስኮቶች የሚገባው የነሐሴ ፀሐይ እንዳልከበደዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ስለ ጉልበቴ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ሮንዳ ቲመርማን እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ የሽመላዎቹ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊ የሆንኩት ግን ገና ጸጉሬን በሁለት ጉንጉን ሳስር ነው። ከኮሌጁ ጋር የሚያዛምደኝ የእሁድ ምሳ ነው። እርስዎ ወደ ከተማችን ከመምጣትዎ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ጀምሮ አዲስ ለምትመጣ ተጫዋች ሁሉ ከከተማው አንድ ቤተሰብ ይመደብላታል፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ትበላለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ሶፋው ላይ ትተኛለች፣ ሲከፋትም ታለቅሳለች። የእሁድ ቤተሰብ እንለዋለን። ማሪት ሆክስትራ የእኛ ነበረች።

እንግዲህ ውለታዎን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ተጫዋች ከማሳደግ ድካም ስለገላገሉን ከልቤ አመሰግናለሁ። ማሪት ስትመጣ በራችንን ጎንበስ ብላ የምታልፍ፣ እግሯ ከእግሯ የሚጠላለፍባት፣ ግራ እጇ ለጌጥ የተንጠለጠለ የሚመስል ልጅ ነበረች። የያኔው አሰልጣኝ ዓመቱን ሙሉ ሳያሰልፏት አቆይተው «መጀመሪያ እግርሽ ይማር፣ ቀጥሎ እጅሽ፤ ኳሱ ራሱ ይከተልሻል» አሏት። ስለዚህ ከእሁድ ምሳ በኋላ፣ ጋራዣችን በር አናት ላይ በተሰቀለው ቀለበት በግራ እጇ ብቻ ትወረውር ጀመር። የሳተችው ሁሉ በሩን ይመታል። በልተን ሸለብ ሊያደርገን ሲል ዷ ይላል፤ ዴልበርትም ዓይኑን ሳይገልጥ «ይህቺ ልጅ የምታጠቃው ቅርጫቱን ሳይሆን ቤቴን ነው» ይላል። በመጀመሪያው ዓመት በሩ ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት መሰለ። በሁለተኛው ዓመት ድምፁ እየሳሳ መጣ። በሦስተኛው ዓመት አንድ እሁድ ዴልበርት ከሶፋው ብድግ ብሎ «ልጅቷ ሄደች እንዴ? ዝም አለ እኮ» አለኝ። አልሄደችም፣ ክቡር ሆይ። እያገባች ነበር።

እርስዎ ይህን ሁሉ ጫጫታ አስቀሩልን። አሁን ጸጥ ብሏል።

ሁለተኛ፦ ጥልቀት ያለው ስብስብ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። በጸደይ በተደረገው የደጋፊዎች የፓንኬክ ቁርስ ላይ፣ «ያደገ ተጫዋች ማምጣት እየተቻለ ማን ቁጭ ብሎ ያሳድጋል? የሚያሸንፈው ጥልቅ ስብስብ ነው» ብለው ሲያስረዱን እኔ የፓንኬኩን ጣፋጭ ሽሮፕ እያቀበልኩ በጥሞና አዳምጬአለሁ። ንግግርዎ ልብ በጣም ከመንካቱ የተነሳ ባለቤቴና ጎረቤታችን ኤልደን፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ሹካቸውን ጥለው ይከራከሩ ጀመር።

«ባለፈው ዓመት ሁለቱ ልጆች ጉልበታቸው ሲጎዳ ማን ገባ?» አለው ዴልበርት። «ከኦሃዮና ከካንሳስ የመጡት አይደሉም? ሰውዬው ባያመጣቸው ማንን ልናሰልፍ ነበር፣ አንተን?»

«እኔን ብታሰልፉኝ ቢያንስ ስሜን ታውቁታላችሁ። እስቲ የተቀያሪዎቹን ስም ጥራልኝ።»

«አንዷ… ያቺ ጸጉሯን እንዲህ ወደ ላይ የምታደርገው።»

«ጎሽ፣ ቀጥል።»

«ስም ምን ይሠራልኛል አንተ ሰው? አሸነፍን ወይስ አላሸነፍንም?»

«አሸነፍን። እኔም አጨበጨብኩ። ለማን እንዳጨበጨብኩ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ዴልበርትም አልተሳሳተም። ማሸነፉን አሸንፈናል፤ ተሸንፈን ከምንወጣባቸው ዓመታት ይሻላል፤ በበረዶ ውስጥ መኪና እየገፋሁ የተመለስኩባቸውን ሽንፈቶች የማውቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ከጨዋታው በኋላ ወደ ሜዳው ወርደን እንደ ድሮው ልጆቹን ልናቅፍ ስንል እነሱም እኛን አያውቁን፣ እኛም እነሱን አናውቃቸው፤ ሠርግ ተሳስቶ እንደገባ እንግዳ ተያይተን ተመለስን። ያኔ በቁርሱ ላይ ኤልደን እጁን አውጥቶ ይህንኑ ሲጠይቅዎ ፈገግ ብለው፣ «ወዳጄ፣ ደጋፊ የሚወደው ማሊያውን ነው፤ ውስጡ ማንም ይሁን ማን» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ፤ አፌ ፓንኬክ ስለሞላበት አልወጣም እንጂ።

ሦስተኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ። በዚያው ሳምንት ማሪትን ቢሮዎ አስጠርተው፣ የቀራትን የመጨረሻ ዓመት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱላት፤ «በዕቅዳችን ውስጥ የለሽም። ትምህርትሽን ግን እዚሁ መቀጠል ትችያለሽ።» ወንበሩ ሳይሞቅ ተመለሰች። በእሁዱ የበሬ ጥብሱን በሹካ እያገላበጠች አንድ ጉርሻ ሳትበላ ቆየችና፣

«ሮንዳ፣ ጫማዬን ለታናሽ እህቴ ልሰጣት ነው» አለችኝ።

«የእህትሽ እግር ትንሽ አይደለም እንዴ?»

«ያድጋል።»

«ሌላ ኮሌጅ ሞክሪያ፣ ልጄ።»

«ሦስት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠችን ልጅ ለአንድ ዓመት ብሎ የሚወስድ ማን አለ? ማንም አላየኝም እኮ። ያየኝ የእናንተ ጋራዥ ነው።»

ያን ዕለት ሳትወረውር ሄደች። በቀጣዩም እሁድ፣ ከዚያ በኋላም። በጋውን ሙሉ በቆሎው ከጭንቅላታችን በላይ ሲያድግ እሷ ስልኳን እያየች ጠበቀች። ዴልበርት፣ ያ ስለ ጥልቀት ሲሟገትልዎ የነበረው ሰው፣ «ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ» እያለ ከሶፋው ተነሥቶ መንጎራደድ ጀመረ። የበር ጠጋኙ መጥቶ «በአንድ ቀን አስተካክልልሃለሁ» ቢለው፣ «በሩን የነካህ እንደሆነ መንገዱን ታውቀዋለህ» ብሎ መለሰው።

አራተኛው ስለ አዲሱ የውጤት ሰሌዳ ነበር። ዴልበርት አታንሺው ስላለኝ አላነሳውም። ከሦስት እርሻ ማዶ እንደሚታይ ብቻ ልንገርዎ።

አምስተኛ፦ ማዕዳችን ባዶ እንዳይሆን ስለማሰብዎ። የማሪት ሳህን ሳይደርቅ ቢሮዎ ሌላ ልጅ እንድንቀበል ጠየቀን፤ እኛም እሺ አልን። ኬያራ ትባላለች፤ ከቴክሳስ ነው የመጣችው፤ በማሪት ቦታ የምትጫወተው እሷ ናት። ቂም ይዤ ልቀበላት አስቤ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ደጁ ላይ ደርሳ ግን ከማንኛችንም በፊት ያየችው በሩን ነው።

«ይህን ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ካንቺ በፊት የነበረችው።»

«ተናድዳ ነው?»

«አይ፣ እየተማረች።»

ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸውና «የት ሄደች?» አለችኝ። ያኔ መልሱን አላውቀውም ነበር። ከምሳ በኋላ ልብሷን አጥባ ስትጨርስ እንዲቀልላት ብዬ መሳቢያ ባዶ አድርጌ ሰጠኋት፤ እሷ ግን አጣጥፋ መልሳ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። «ይቅርታ፣ እመቤት» አለችኝ፤ «ይኼ ሦስተኛ ኮሌጄ ነው። መሳቢያ መጠቀም ትቻለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ ስለ ጥልቀት ብዙ አስተምረውናል። እኔ ግን የገባኝ ያን ዕለት ሻንጣውን ሳይ ነው። ልጅቷ ሽንኩርት እንደማትወድ ገና ማወቄ ነው፤ ድንችን ከነልጣጩ እንደምትወድ ሳውቅ ደግሞ ትሄዳለች። የእሁድ ቤተሰቦች አንድ በአንድ የሚቀሩት ልባቸው ስለጠበበ አይደለም። በየዓመቱ ልጅ መሸኘት ስላቃታቸው ነው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ኬስተር የደወለው። ከወንዙ ማዶ ያለው ኬስተር፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ስሙ በማዕድ ላይ እንዳይጠራ ያገደው ኬስተር። ረጅሟ ልጃቸው ሄዳባቸው ኖሮ የማሪትን ልምምድ ሊያዩ ጠሯት። አሰልጣኟ «ግራ እጅሽን ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «አንድ ጋራዥ» አለቻቸው። ሳቁና ማሊያ ሰጧት። ለኤልደን ስነግረው ከት ብሎ ስቆ «እንግዲህ ተጫዋች ከኮሌጅ ኮሌጅ የሚያመላልሰው የሰውዬው የዝውውር በር አንቺንም ጠቀመሽ፤ ሄደሽ እጁን ሳሚለት» አለኝ። እውነቱን ነው። እጅዎን ልስም መጣሁ፤ በደብዳቤ ቢሆንም።

ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ግን ወንበር አጥቶ ቆሟል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጨዋታችን ከኬስተር ጋር፣ በራሳችን አዳራሽ ነው። ሁለቱ ልጆቼ፣ ያሳደግኋትና የምመግባት፣ ቅርጫቱ ሥር ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ። ባለፈው እሁድ ኬያራ ሳህን እያጠበች ዘወር ብላ፣

«የቱን ልዝጋባት፣ ግራዋን ወይስ ቀኟን?» አለችኝ።

«እሱን ከእኔ አትሰሚም።»

«የእሁድ እናቴ አይደለሽም እንዴ?»

«የእሷም ነኝ። ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ፤ አታሳልፊያት። እሷም አታሳልፍሽም።»

ሳቀች። ያን ቀን አንድ ሹራብ መሳቢያው ውስጥ ረስታ ሄደች። ረስታ ይሁን ትታ አልጠየቅኋትም።

አሁን ወደ ጉልበቴ። እንደሚያውቁት፣ ወይም ከክብር ክፍሉ መስታወት ጀርባ ሆነው እንዳዩት፣ በእኛ አዳራሽ ጨዋታ ሲጀመር ሁላችንም ብድግ ብለን እናጨበጭባለን፤ ቡድናችን የመጀመሪያዋን ኳስ እስኪያገባ ማንም አይቀመጥም። ካህኑም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ኤልደንም። ባለፈው ዓመት መክፈቻ ላይ ያ ጥልቅ ስብስብዎ ኳስ አልገባለት ብሎ ለረጅም ጊዜ ከመቆማችን የተነሳ ኤልደን «ወይ ተጫዋች ቀይሩ ወይ ደጋፊ ቀይሩ» ብሎ ጮኸ፤ ጉልበቴም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ዘንድሮ ግን ዘይት አሽቼ አዘጋጅቼዋለሁ።

ስለ ሁሉም ነገር እያመሰገንኩ፣ ጤናዎ እንዲበዛ፣ ስብስብዎ የበለጠ እንዲጠልቅ፣ የሰሌዳዎም ብርሃን እንዳይደበዝዝ እመኛለሁ።

ከአክብሮትና ከአንድ የተቀጠቀጠ በር ጋር፣
ሮንዳ ቲመርማን
የማሪት፣ አሁን ደግሞ የኬያራ የእሁድ እናት

ለከተማችን ጋዜጣ እንዲታተም ስልከው ያከልኩት፦ ደጋፊ የሚወደው ማሊያውን ነው ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ፣ ውሸት እንዳይሆንብዎ አስቤበታለሁ። ስለዚህ የሽመላዎቹን ማሊያ፣ ያንኑ አሮጌውን፣ ለብሼ እመጣለሁ። ጨዋታው ሲጀመርም ከሁሉም ጋር እቆማለሁ። ኬያራ ስታገባ በሙሉ ድምፄ አጨበጭባለሁ። የምቀመጠው ግን ማሪት በግራ እጇ ስታገባ ነው፤ ዴልበርትም፣ ኤልደንም፣ እስካሁን ያነጋገርኳቸው የእሁድ ቤተሰቦች ሁሉ እንደዚያው ብለዋል። ከመስታወትዎ ጀርባ ሆነው ስንት ሰው እንደቆመ ቢመለከቱ ደስ ይለኛል። ከጨዋታው በኋላ ቤታችን የሩባርብ ፓይ፣ እኔው የምጋግረው ጣፋጭ፣ አለ፤ ሁለቱም ልጆች ይኖራሉ፤ ጋራዡ በር ፊት ለፊት ነው የምንበላው፣ እርስዎም አይቅሩ። የሃርሎ ክሪክ ሰው ሆይ፣ ጉልበት ያለህም የሌለህም፣ ና፦ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር አሥራ አራት።