አባባ መርዳሳ ያነሷት ኳስ

አዳማ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ ባለቤቴ ለዲንቄ መርዳሳ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ደህና አይደለሁም። ከትናንት ጀምሮ ብስጭት ሊገድለኝ ነው።

ከአዲስ አበባ ስምንት ፈረንጆች ጎልፍ ለመጫወት በባቡር መጥተው አስተርጓሚያቸው ሆኛለሁ። ጎልፍ ማለት ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ማዶ ካሉ ጉድጓዶች በየተራ ማስገባት ነው፤ በእጅ ሳይነካ በጥቂት ምት ያስገባ ያሸንፋል። አዋሽ ዳር፣ ፍል ውሃው አጠገብ ሜዳ አስጠርገው ድንኳን ተክለዋል። ስፍራውስ ያምራል፤ ግራሩ፣ ከታች ወንዙ፣ ማለዳ የሚነሳው እንፋሎት። እኔ ግን መቼ አይቼው! አንዱ ፈረንጅ ፀሐይ መትቶት ቢተኛ «ሰብስቤ፣ አንተ ተካው» አሉኝና ግማሽ ቀን ኳሷን እየሳትኩ አፈር ስቆፍር ዋልኩ። አንዷን ኳስ ወንዙ በላት፣ ሌላዋ የከርከሮ ጉድጓድ ገባች። የሳቁብኝን ሳቅ አልነግርሽም።

በመጨረሻው ጉድጓድ ቀናኝ። ከሩቅ የመታኋት ኳስ ሄዳ ሄዳ ጉድጓዱ ላይ ከተተከለው ባንዲራ አንድ ክንድ ላይ ቆመች። አንዴ ብነካት የእኛ ወገን አሸነፈ ማለት ነው።

አባትሽ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ጠባዬ መሻሻሉን በዓይናቸው አይተው ወደ እኔ ሊመልሱሽ ለአስታራቂ ሽማግሌዎቹ ቃል መስጠታቸውን አውቃለሁ፤ ትናንት ይመጣሉ ብዬ ግን አልጠበቅሁም። በቅሏቸውን ግራሩ ሥር አስረው፣ ኳሷን ከሣሩ ላይ አንስተው፣ ሜዳውን አቋርጠው በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። «ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ዕቃህ ወድቆብህ አገኘሁት» አሉኝ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርድ ነበር።

እኔም በፈረንጆቹ ሁሉ ፊት ጮህኩ። «ማን ንካ አለህ!» አልኳቸው። አዎ፣ አባባን አንተ አልኳቸው።

 ያን ሁሉ መንገድ ተመልሰው ኳሷን ካነሱባት ቦታ አስቀመጧት። መታኋት፤ ገባች። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ዞር ስል እሳቸውም በቅሎዋም የሉም። ግራሩ ሥር አዲስ ጋቢ ተቀምጧል። ፈትሉን አውቀዋለሁ፣ የእጅሽ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አባትሽን ልከስልሽ ነበር። ጨዋታውን ካላወቁ መጠየቅ ነበረባቸው ልልሽ። ግን የወደቀ ዕቃ ለባለቤቱ ከመመለስ ሌላ ምን አጠፉ? በመስከረም ከቤትሽ ያስወጣሽ ይኸው አፌ ነው። ተሻለኝ ብዬ ነበር፤ አልተሻለኝም። ጋቢውን አልለበስኩትም፤ አጣጥፌ በመኝታሽ በኩል አስቀምጬዋለሁ።

ቅዳሜ ሞጆ መጥቼ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ በፊት ወንድምሽ ሙሉአለም ይህን ሲያነብልሽ አባባም ተቀምጠው ይስሙ። የጮህኩት በሰው ፊት ነውና እሱም ጮክ ብሎ ያንብበው። ለእሳቸው ዕድሜ ይስጥልኝ፣ አንቺንም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ጮክ ብሎ ሲያነብም አትደንግጪ፤ ድምፁ የእኔ አይደለም።

ባልሽ ሰብስቤ