ለሩፈስ የበረሩት ሁለት ርግቦች

ለምወድሽ እህቴ ለሄስተር፣

ሰላምታዬ ከመካከላችን ካለው ባሕር ይብዛልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ አምብሮስስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉንፋንና ከቅናት በቀር ደህና ነኝ፤ ከሁለቱ ጉንፋኑ ይሻለኛል።

ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ አትሳቂ! የአለቃችን ባለቤት ወይዘሮ ክሮፍት ማታ ማታ አስተምረውን በስድስት ወር ፊደል ገባኝ። ከክፍሉም ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ተማሪዎቹ ሁለት ነን።

አንደኛው ሩፈስ ነው፤ ከእኔ ጋር በተራ ማማው ላይ እያደረ ለመርከቦች የሚበራውን መብራት የሚጠብቀው። ከእኔ ሦስት ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ እጅ ጽሑፉ ግን የቁንጫ ዱካ ታክላለች። ስለዚህ ወደ እናንተ ከተማ ወደ ሆባርት ርግብ በተላከች ቁጥር እግሯ ላይ የሚታሰረውን ብጣሽ ወረቀት የሚጽፈው እሱ ነው። ወይዘሮ ክሮፍት እሱን "ሩፈስዬ፣ እጅህ ይባረክ" ይሉታል። እኔን ደግሞ "ባርናቢ፣ ይህ ፊደል ነው ወይስ በሬ?" ይሉኛል። ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ አንጀቴ ድብን ይላል።

ትናንት ጠዋት ሩፈስ ማማውን ኖራ ሲቀባ ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ። የጭኑ አጥንት ቆዳውን በስቶ ወጣ። አለቃችን እግሩን ያዙ፤ ሚስታቸው ቁስሉን በጨርቅ አፍነው "እጄ ደም ነው፣ ባርናቢ አንተ ጻፍ!" ብለው ጮኹብኝ። ጀልባ የሚመጣልን በሦስት ወር አንዴ ነው፤ ርግብ ካልደረሰች ሩፈስ መሞቱ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት "ሐኪም" የሚለውን ሳልጨርስ ሞላ። ሩፈስ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ቀና ብሎ "ወንድሜ፣ ርግቧ እኮ ሳንቃ አትሸከምም" አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝ! ግን ምን ላድርግ? የሱን ደብተር ከፊቴ ዘርግቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በሱ ፊደል አጣጣል "ሩፈስ ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል፤ ደሙ አልቆመም፤ ሐኪም ቶሎ ላኩ" ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። አንዷን ጭልፊት ቢነጥቃት ብለን ሁልጊዜ ሁለት ርግብ ነው የምንለቀው።

ዛሬ ከሰዓት መርከብ ሐኪም ይዞ ደረሰ። የደረሰችው ርግብ አንዲት ብቻ ናት። ሐኪሙ ወረቀቷን አሳይቶ "ይህ ያማረ ጽሑፍ የማን ነው?" ሲል ደረቴን ነፋሁ። ሩፈስ ከቃሬዛው ላይ ቀደመኝና "የተማሪዬ ነው" አለው! ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በጥርሴ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ መርከብ እሱንም ይዞ ይመጣል። በሕይወት ይተርፋል ብለውናል፤ እግሩ ይቆረጥ አይቆረጥ ግን ሆስፒታል ነው የሚታወቀው። እናት አባት የለውም፤ ሄደሽ ጠይቂው። ሾርባም ውሰጂለት፤ ለእኔ የምትሠሪውን ያህል ግን እንዳታጣፍጪው። ጽሑፉን ቢያሳይሽም እንዳታደንቂብኝ። ስለ እግሩ የሰማሽውን በሚቀጥለው ጀልባ ጻፊልኝ፤ ክፉም ቢሆን አትደብቂኝ። መርከቡ ሲመሽ በዐለቶቹ መካከል ያልፋል። ተራው የሩፈስ ነበር፤ መብራቱን የማበራለት እኔ ነኝ። መስታወቱን ሁለት ጊዜ ወልውዬዋለሁ።

አምብሮስን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ዊኒፍሬድን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አርኪንም አጎትህ መጻፍ ቻለ በይው። ለሩፈስ ሰላምታ አልላክሁም፤ ቃሬዛውን ገደሉን አውርጄ እስከ መርከቡ ጀልባ የምሸከመው እኔ ነኝ፣ ይበቃዋል።

ወንድምሽ ባርናቢ
ከደሴቱ መብራት ማማ፣ ደቡብ ታዝማኒያ
መጋቢት 11 ቀን 1903