ቤቶች የምትባለው ቡችላ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ጥላሁን፣
ደብረ ብርሃን።

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የዚያ አገር ቁር ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? አዲሱ መነጽር ተስማማዎት ወይስ እንደ ፊተኛው ኪስዎ ውስጥ ነው የሚውለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። የጆሮዎን ነገር አልጠይቅም፤ ባለፈው በስልክ «ቡችላ አለችኝ» ብዬ ስጮህ «ብቻዬን አለሁ» ያልኩ መስሎዎት ደነገጡ። እኔም ሳላስተካክል ዘጋሁት፤ ብዙም አልተሳሳቱም ነበር። አሁን በጽሑፍ አድርጌዋለሁና የእህቴ ልጅ እምነት ጆሮዎ ሥር ሆና ታንብብልዎ።

አብራኝ የተከራየችው ሳምራዊት ካዚኖዎቹ በኮሮና የተዘጉ ጊዜ ሥራ ፍለጋ ሲያትል ሄዳ እዚያው ቀረች። እኔ ግን በር ስከፍት «ቤቶች!» ማለቴን አልተውኩም። ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። እርስዎ ያሳደጉት ሰው ግን ቤት ዘው ብሎ መግባት አይሆንለትም። «ቤቶች!» እላለሁ፣ ፍሪጁ ብቻ ያንጎራጉራል፣ ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ። ይሄው ነበር ኑሮዬ።

ግድግዳ የምንጋራት አንዲት ሜክሲኳዊት ባልቴት አሉ፣ ዶኛ ሉፔ ይባላሉ። ውሻቸው ስትወልድ አንዷን በፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። አይቆጡኝ አባዬ፤ የውሻ ቦታዋ ደጅ መሆኑን አልረሳሁም። እዚህ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ግን የእኔ ደጅ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ አስፋልቱ መዳፏን ይልጠዋል። ስለዚህ ከእኔው ጋር ሆነች። ምንጣፉን አረጠበችው፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማዬን በላችው፣ እኔም እየተቆጣሁ ቀስ በቀስ ሽንቷን ውጪ አስለመድኳት።

ስሟን ስጦታ ብያት ነበር። «ስጦታ!» ብላት ዘወርም አትል። ጆሮዋ እንደ እርስዎ ሆነ እንዴ ብዬ አዘንኩላት። ለካ ስሟን የመረጠችው ሌላ ኖሯል፤ በር ከፍቼ «ቤቶች!» ስል ከየትም ብትሆን እየተንደረደረች እግሬ ላይ ትወድቃለች። ያንን ሁሉ ጊዜ እሷን የምጠራ መስሏታል። እኔም ተሸነፍኩና ስሟ ቤቶች ሆነ። አንድ ቀን አምልጣኝ በፓርኪንጉ መሐል «ቤቶች! ቤቶች!» እያልኩ ስሮጥ ወልደሥላሴ የሚባል የአገራችን ሰው ከታክሲው ወርዶ «እህቴ፣ የማንን ቤት ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በኮሮናው ጊዜ ያሰናበተኝ ሆቴል በዚህ የካቲት ለክፍል ጽዳት መልሶ ጠራኝና ሙሉ ሺፍት ጀመርኩ። ከበር ከወጣሁበት ጀምሮ ስታላዝን ትውላለች። ጎረቤት ከሰሰ፤ የሕንፃው ኃላፊም መጥቶ አንድ ጊዜ ከተደገመ ውሻዋ ከዚህ ትወጣለች አለኝ። ሥራውን ብተው የቤት ኪራይ የለም፤ እሷን ብሰጥ ደግሞ ወደ ፍሪጁ ልመለስ ነው።

ክትባት ላስከትባት ስወስዳት ለሐኪሟ ነገርኳት። ስትወጪ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። አቅፌ እስማታለሁ፣ አይዞሽ እላታለሁ፣ ቶሎ እመጣለሁ እላታለሁ፣ ከበር ተመልሼ እንደገና እስማታለሁ አልኳት። ስትገቢስ አለች፤ እሱንም ነገርኳት። ሳቀችና፣ ሕመሙ ያንቺ ሰላምታ ነው አለችኝ። ስትወጪ ዝም ብለሽ ውጪ፣ ስትገቢም እስክትረጋጋ አትዪያት፣ አትጥሪያት። አባዬ፣ ሰላምታ ሰው ሲያሳምም ሰምተው ያውቃሉ?

እንዳለችኝ አደረግሁ። ሁዳዴን ሙሉ ሽሮዬን እየበላሁ ለእሷ ዶሮ ቀቀልኩ፤ ዝም ባለች ቁጥር ቁራጭ እሰጣታለሁ። ምንም ሳልናገር ወጥቼ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፤ ዶኛ ሉፔ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያዳምጡና ዝም ስትል በመስኮት በእጃቸው ይጠቁሙኛል። እሷ ውስጥ ስታለቅስ እኔም ውጪ ሆኜ አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ። ቀስ በቀስ ልቅሶዋ እያጠረ መጣ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ዶኛ ሉፔ በር ላይ ጠብቀው፣ ዛሬ ድምፅ የለም፣ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም አሉኝ። በሩን ከፈትኩ። አፌን ዘጋሁ። ቤቶች ምንጣፉ ላይ ተኝታ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ጭራዋን መሬቱ ላይ አንዴ መታ አደረገች፣ ተመልሳም ተኛች።

የፈለግሁት ይኸው ነበር፤ ከእንግዲህ ማንም አያስወጣትም። እኔ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። እርስዎ ቤት ሰው ሲገባ ኖር ተብሎ ይነሳለታል። በዚህ አገር ስገባ የሚነሳልኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ እንዳትነሳ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ።

እንግዲህ እቤቴ ሰላምታ ስለተከለከለብኝ የተጠራቀመውን ሁሉ ለእናንተ ልኬዋለሁ። እህቴን ስሜነሽን አገላብጣችሁ ሳሙልኝ። ለባሏ ለግዛቸው፣ ውሻ ቤት ማስገባቴን ሰምቶ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁና፣ ይሳቅ፣ ሰላም በሉልኝ። ጎረቤታችን እናትነሽ ጉንፋኗ ለቀቃት ወይ? እሷንም ሳሙልኝ። አንቺ እምነት፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ወደ ደጅ ውጪና በእኔ ድምፅ «ቤቶች!» በይ፤ ጮክ አድርጊው፣ እንዲሰሙሽ። አባዬ፣ እርስዎ አይነሱ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል። ከተቀመጡበት ሆነው «ግቢ ልጄ» ይበሉኝ።

ልጅዎ አስካል ጥላሁን
ላስ ቬጋስ፣ ግንቦት ፳ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም.